በእርሳስ የተጻፈ የወንዝ ስም

ከባሕር ዳር የተነሣነው ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ነበር። ከመኪናው ኋላ መረብ፣ መቀስና ኢታኖል (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ አልኮል) የተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች የተደረደሩበት ሳጥን ጭነናል። እስከ መራዊ ያለው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ አስፋልት ስለሆነ ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ግራና ቀኙ በቆሎና ዳጉሳ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጭጋግ።

ዓላማችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ጣና ላይ መረብ ውስጥ የገባ ነጭ ዓሣ የየትኛው ገባር ወንዝ ልጅ እንደሆነ ከዲኤንኤው መለየት ይቻል እንደሆነ ለመፈተን ነው የሄድነው። ሐሳቡን የተዋስነው ከሳልሞን ነው። ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ውቅያኖስ ወርዶ ያድግና፣ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስ የተወለደበትን ወንዝ በጠረኑ እየለየ ይመለሳል። በዚህም የተነሣ የየወንዙ ሳልሞን በዘረመሉ በጥቂቱ ይለያያል። ባሕር ላይ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ ስለሚዋኝ፣ አስጋሪው ብዙ ዓሣ ካለው ወንዝ የመጣውን የያዘ እየመሰለው ሊጠፋ የተቃረበውን ወንዝ ዓሣ ሊጨርሰው ይችላል። አላስካ ውስጥ፣ ብሪስቶል ቤይ ወደተባለው የባሕር ወሽመጥ የሚጓዘው ሶካይ የተባለው ሳልሞን ገና ሩቅ ሳለ ፖርት ሞለር በተባለ ቦታ በሙከራ መረብ ይያዛል። ከዚያ እስከ ወንዞቹ አፍ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ የዘረመል ምርመራው ውጤት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ከሚመጣው መንጋ ምን ያህሉ ወደ ክቪቻክ ወንዝ፣ ምን ያህሉ ወደ ኢገጊክ ወንዝ እንደሚያመራ ቀድሞ ይገመታል፤ የዓሣ ሀብት ኃላፊዎችም ማስገር ሲፈቅዱና ሲከለክሉ ይህን ከሌላው መረጃቸው ጋር ያገናዝቡታል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር ጣና ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም በ1990ዎቹ፣ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚለው፣ አስጋሪዎቻችን ደግሞ በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ብዛቱ በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሏል። ይህ ወገን ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ትሩቲፎርሚስ ነው፤ የሳልሞን ዘመድ የሆነውን ትራውትን ይመስላል ለማለት የተሰጠው ስም ነውና የእኛን ጉዞ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ወተት ዓባይ ስንደርስ ግልገል ዓባይ ከድልድዩ ሥር የሸክላ ቀለም ይዞ ይጋልብ ነበር። እዚያ መረብ መጣል የማይታሰብ ነው። ዓሣው የሚፈልገው ጥርት ያለ ውኃና ጠጠር ስለሆነ፣ መኪናውን አቁመን ወደ ትንንሾቹ ገባሮች በጭቃው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጓዝን። ከጠጠሩ ላይ የያዝነውን የመጀመሪያ ዓሣ ራሱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከጭራው ክንፍ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆርጬ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩና መልሼ ለቀቅኩት። ለጥቂት ጊዜ እንደ መፍዘዝ ብሎ ቆየና ሽቅብ ተወረወረ።

ከብቶቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከዳር ቆመው ሲመለከቱን ቆይተው፣ «ክንፉን ቆርጣችሁ ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ።

«የት ወንዝ እንደተወለደ እናይበታለን፣ አባ።»

«እዚሁ ነዋ! እዚሁ አይደል ያገኛችሁት?»

ሳቅን፤ ነገር ግን ልክ ነበሩ። የሐይቁን ዓሣ መነሻ ለማወቅ አስቀድሞ ቤቱ ላይ የተያዘ ዓሣ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። የሳልሞኑም ሥራ የቆመው በየወንዙ ለዓመታት በተሰበሰበ እንዲህ ባለ ናሙና ላይ ነው። ሽማግሌው በልጅነታቸው የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ውኃ ውስጥ ሲበተን፣ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ማየታቸውን ነገሩን። «አሁንስ?» ብላቸው ከብቶቻቸውን መንዳት ጀመሩ።

ጥፋቱ የደረሰው በመመለሻው ነው፤ የራሴም ጥፋት ነው። ብልቃጦቹ ላይ የጻፍኩት በማርከር ነበር። መኪናው ሲንገጫገጭ የሁለቱ ክዳን ላልቶ ኢታኖሉ ፈሰሰና የ14 ብልቃጦችን ጽሑፍ አጠበው። ባሕር ዳር ገብቼ ሳጥኑን ስከፍት፣ ሰማያዊ እድፍ ያለበት ፕላስቲክ እንጂ የወንዝ ስም አላገኘሁም። ዓሣው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሄጄ፣ ናሙናው ከየት እንደመጣ የማላውቅ ሆንኩ።

ቤተ ሙከራውም የራሱ ፈተና አለው። እኛ ሰዎች ክሮሞዞማችንን በጥንድ ስንይዝ የጣና ነጭ ዓሣ በስድስት በስድስት ይይዛል፤ ድምሩ 150 ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ከማንበብ ይልቅ እስከ ስድስት የሚደርስ ይመጣል፤ የትኛው ስንት ጊዜ እንደተደገመ መለየትም አድካሚ ነው። በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈው ዲኤንኤ ይህ ችግር ባይኖርበትም፣ ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርብ ስለሆነ እርስ በርሳቸው እንኳ በውል አይለይባቸውም። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል ጣና ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያልና፣ የዝርያዎቹ መቀራረብ አያስገርምም።

ጳጉሜን 3 ቀን ተመልሰን ሄድን። ልጆች በሩፋኤል ዝናብ እየተራጩ ነበር። በዚህኛው ጉዞ በየብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ጨመርኩ፤ እርሳስን ኢታኖል አያጥበውም። እኚያው ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ስለምጽፈው ጠየቁኝ። ሁለት ገባሮች ብዬ ለይቼ የመዘገብኳቸውን ቦታዎች በጣቴ አሳየኋቸው።

«ሁለት አይደለም» አሉ። «ከዚያ ቋጥኝ በላይ አንድ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ነው የሚከፈለው። በጋ ስትመጡ ታዩታላችሁ።»

ላጲስ አወጣሁ።