ዘጠኝ ድምፅ

ሰሞኑን አንድ የቆየ ቪዲዮ ደግሜ አየሁ። የተቀረጸው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓውል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጠው፣ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች እያሉ፣ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ደረቅ አንትራክስ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማስረዳት፣ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በጣቶቻቸው ይዘው ከፍ ያደርጋሉ። ከኋላቸው የስለላ ድርጅቱ ኃላፊ ጆርጅ ቴኔት ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እኔም አምኜ ነበር።

የኢራቅን ጦርነት የምቃወመው ለሳዳም ሁሴን አዝኜ አይደለም። በ1988 ሐላብጃ ላይ የገዛ አገሩን ሰዎች በመርዝ ጋዝ የፈጀ፣ በ1990 ደግሞ ኩዌትን የወረረ ሰው ነው። የምቃወመው፣ አሜሪካና እንግሊዝ ማስረጃቸውን ሌሎች እንዲመዝኑላቸው ካቀረቡ በኋላ፣ ሚዛኑ አልደፋላቸው ሲል ሚዛኑን ጥለው በመሄዳቸው ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ፈረንሳይ ይገፋል፤ ፕሬዚዳንቷ ዣክ ሺራክ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብታቸውን እንደሚጠቀሙ ስለዛቱ ምክር ቤቱ ታሰረ ይባላል። ነገር ግን የመሻሩ ጉዳይ ከመነሣቱ በፊት ከ15 አባላት የ9ኙ ድምፅ መገኘት ነበረበት፤ ለጦርነት መንገድ የሚከፍተውን የውሳኔ ሐሳብ ደግፈው በግልጽ የቆሙት ደግሞ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ስፔንና ቡልጋሪያ ብቻ ነበሩ። የጎደለውን ለመሙላት አንጎላን፣ ካሜሩንን፣ ጊኒን፣ ቺሊን፣ ሜክሲኮንና ፓኪስታንን ሲያባብሉና ሲጫኑ ከረሙ። ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ አብዛኛውን ለአሜሪካ የምትሸጠው ሜክሲኮ እንኳ እሺ አላለችም። በመጨረሻም ማርች 17 የውሳኔ ሐሳቡ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ባግዳድ ላይ ቦምብ መውረድ ጀመረ።

የሌሎችን ይሁንታ መጠየቅ ለእኔ የወግ ጉዳይ አይደለም። አንድ መንግሥት በአገሩ ውስጥ ማስረጃውን የሚያሳየው ከሥሩ ለሚያድሩ ሹማምንት፣ ምርጫ ለሚያስጨንቃቸው የሕዝብ ተወካዮችና በቁጣ ላይ ላለ ሕዝብ ነው፤ ደመወዙን የማይከፍለውና ቁጣውን የማይጋራው ሰው ሲመረምረው ግን ቀዳዳው ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፍተሻ ቡድን መሪ ሐንስ ብሊክስ ማርች 7 ለምክር ቤቱ እንደተናገሩት፣ በተቆጣጣሪዎቹ ፊት አል ሳሙድ 2 የተባሉ 34 የኢራቅ ሚሳኤሎች ወድመው ነበር፤ ለቀሪው ሥራም የሚያስፈልጉት ዓመታት ወይም ሳምንታት ሳይሆኑ ወራት ነበሩ። ወራቱ አልተሰጧቸውም። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የፍለጋ ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት የተከማቸ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እንዳልተገኘ ገለጸ። የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴም በ2016፣ ወረራው የተጀመረው ሰላማዊ አማራጮች ተሟጠው ሳያልቁ እንደነበር ደመደመ።

ምክር ቤቱን እንደ ታቦት አላየውም። በ1994 የሩዋንዳ ሕዝብ ሲታረድ ቆሞ ያየ ምክር ቤት ነው። ሆኖም ማስረጃ ሲኖር መንገዱ እንደማይዘጋ ኩዌት ራሷ ምስክር ናት፤ ሳዳምን ከዚያ ለማስወጣት ኃይል መጠቀምን የፈቀደው ውሳኔ ቁጥር 678 በኖቬምበር 1990 የጸደቀው በ12 ድምፅ ነበር፤ ከ12ቱ አንዱም የኢትዮጵያ ነበር።

በ2003 የእኛ ስም የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ዋይት ሐውስ ጦርነቱን የደገፉትን የፈቃደኛ አገሮች ጥምረት ብሎ ባወጣው ዝርዝር ላይ፣ የሰላም ስምምነት ከፈረሙ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ኤርትራና ኢትዮጵያ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ኢስቶኒያን ብቻ መሐል አስገብተው ተደርድረዋል። ኢትዮጵያ ወታደር አልላከችም፤ ስሟ ግን ለቁጥር ማሟያ በቅቷል። ከ1948 ወዲህ ጦር ሠራዊት የሌላት ኮስታሪካም እዚያው ነበረች። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ችሎት ግን በሴፕቴምበር 2004፣ አንድ የሕግ ተማሪ ጭምር ባቀረበው አቤቱታ ላይ፣ ድጋፉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ መንግሥቷም ስሟ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ዋሺንግተንን ጠየቀ።