ሐይቅ ዳር፣ በአህያ መንገድ ላይ

ወሎ ባሕር የለውም። ውሃ እያየ ብስክሌት መንዳት ያማረው ሰው ሐይቅ ወደሚባለው ከተማና ሐይቅ ይወርዳል፤ ጉልበት የተረፈው ደግሞ ከሱ በላይ ወዳለው አርዲቦ ሐይቅ ይወጣል። ጥቅምት ገብቶ መሬቱ ጠገግ ማለት ስለጀመረ፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እንደ አዲስ የማስባቸውን ነገሮች ዘንድሮ ጽፌ ላስቀምጣቸው።

ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከአንድ ነገር ነው። እዚህ ለብስክሌት ተብሎ የተጠረገ የተራራ መንገድ የለም፤ ያለውን የሠራው እግርና ሰኮና ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው ዳገቱን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ጠመዝማዛው ለሱ ትርፍ ድካም ነው። አህያዋም ድንጋዩን እንደ ደረጃ እየረገጠች ትከተለዋለች። እግር አጭሩን ይመርጣል፣ ጎማ ለስላሳውን፤ ብስክሌተኛ የሚወድቀውም ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ነው። እኔ አቋራጭ ከመያዜ በፊት የማየው የባጃጅ ወይም የጋሪ ዱካ መኖሩን ነው። ባጃጅ ያለፈበት ብስክሌት ያልፋል። አህያ ያለፈችበት ግን ዋስትና የለውም።

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ሐይቅ ከሷ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። መሄዱ ደስታ ነው፣ ዕዳው መመለሻው ላይ ነው። ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መመለስ ምንም ነውር የለበትም፤ ነውሩ አጫጫኑ ላይ ነው። የፊት ጎማ ይፈታል፣ ብስክሌቱ የማርሽ መቀየሪያው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ገመድ ሦስት ቦታ ይታሰራል። መቀየሪያው ከታች ከሆነ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ትልቁን ጥርስ ዘሎ ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል።

አርዲቦ ከሐይቅ 200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ትርፍ ውሃውም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሐይቅ ግን የመጣለትን ተቀብሎ ያስቀራል፣ መውጫ ወንዝ የለውም። ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ እንዳይመስል፦ መውጫ የሌለው ውሃ ከዝናቡ ጋር ይሰፋል፣ ከበጋው ጋር ይሸሻል። ባለፈው ግንቦት በደረቅ የተነዳበት ዳርቻ ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ የሆነ ቅርፊት ይሆናል። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ደረቅ ይመስላል። እዚያ ላይ ዓይን ከአፈሩ ይልቅ ሣሩን ቢያምን ይሻላል። አጭር የተጋጠ ሣር ካለ ከብት ቆሞበታል፣ መሬቱ ይሸከማል። ቄጠማ ከጀመረ ፊት ጎማው ይሰምጣል። ፊላ ከታየ መንዳቱ አብቅቷል፤ ወርዶ መግፋት ሳይሆን ተመልሶ ከፍ ባለው መስመር መዞር ነው።

ስለ ዋልካ፣ ስለዚያ ተጣባቂ ጥቁር አፈር፣ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፣ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ለብስክሌት ያለው ትርጉም ግን ይህ ነው፦ እርጥብ ዋልካ ላይ 50 ሜትር ያህል ከተነዳ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። አስገድዶ መርገጥ ሰንሰለት ይበጥሳል ወይም መቀየሪያውን ይገነጥላል። መድኃኒቱ ስንጥር እንጨትና ትዕግሥት ነው፤ ከዚያ ብስክሌቱን ተሸክሞ ቀይ አፈር ወይም ድንጋይ ላይ መውጣት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ለአደይ አበባው ሲባል ያጓጓል፤ ጥቁሩ አፈር ግን ገና አልጠጠረም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። የካቲት ላይ በልግ ከጣለ ነገሩ እንደገና ይበላሻል።

በእርጥብ መሬት ላይ አለመንዳት ብስክሌቱን ከማዳን ያለፈ ምክንያትም አለው። የበሬ ኮቴ ጉድጓድ ነው፣ ውሃ ያቁራል። የጎማ ዱካ ግን ቦይ ነው፣ ውሃ ይነዳል። በተራራው ላይ ሰው በእጁ ቆፍሮና ደልድሎ የሠራው እርከን ዋና ሥራው ውሃን ማስቆም ነው፤ አንድ ጎማ ክትሩን በእርጥቡ ከላይ ወደ ታች ከቆረጠው የሚቀጥለው ዝናብ ያንን መስመር ይዞ ይወርዳል፣ ሁለት ክረምት ካለፈው ደግሞ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ እርከን ላይ ሲደረስ መውረድ፣ ብስክሌቱን አንስቶ መሻገር። ለነጂውም ይሻላል። ከክትሩ በላይ በኩል ያለው ቦይ በሣር ስለሚሸፈን አይታይም፤ የፊት ጎማ በማዕዘን ከገባበት መሪው ይጠመዘዛል፣ ሰው በትከሻው ይወርዳል። ዛፍ እንዲያገግምበት የተከለለ ተራራ ደግሞ አጥርም ባይኖረው የተከለለ ነው፣ አይገባበትም።

አሁን ወደ ጎማ። በእጃችን ያለው ብስክሌት አብዛኛው ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ነው፤ ጥሩ ነው፣ መለዋወጫው ይገኛል። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና 2.1 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ እኔ የምለው ፊት 28፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ከዚያ ከወረደ ድንጋዩ ካላማዳሪያውን በጎማውና በቸርኬው መካከል ነክሶ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል፤ ሁለት ቀዳዳ የታየ እንደሆነ እሾህ ፍለጋ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ነፋስ አንሶ ነው። ወደ 50 ከወጣ ደግሞ ብስክሌቱ በኮረቱ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ ዳገት ላይም የኋላው ይሽከረከራል። ነፋስ ከጎሚስታ የሚሞላ ሰው ካላማዳሪያውን አስቀድሞ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው አድርጎ ይግዛ፤ ቀጭኑን ቫልቭ የጎሚስታው አፍ አይዘውም። ኮምፕረሰሩ ለአይሱዙ ጎማ የተዘጋጀ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ትንሿን ካላማዳሪያ ያፈነዳታል። ጠቅ፣ ለቀቅ፣ በጣት ጫን አድርጎ ማየት፣ እንደገና ጠቅ።

ኩርንችት ከጥር ጀምሮ የመንገድ ዳር ጌታ ነው። አንድ ጊዜ ሲያልፉበት አምስት ስድስት ቦታ ይወጋል። እሾሁን እዚያው አለመንቀል ነው ብልሃቱ፤ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ቀዳዳውን ራሱ በከፊል ይዘጋዋል፣ እስከ ጥላ ያደርሳል። ከዚያ ካላማዳሪያው ይወጣል፣ የጎማው ውስጥ በባዶ ጣት ሳይሆን በጨርቅ ይዳሰሳል፣ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾህ አለ። ልጥፉ የማይይዘው ብዙ ጊዜ በችኮላ ነው፦ ላስቲኩ እስኪሻክር ይፋቃል፣ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ከልጥፉ ሰፋ ብሎ ይቀባል፣ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ሲሆን ነው የሚለጠፈው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ይለቃል።

ዳገቱን በተመለከተ ትንሽ ስሌት ክብር ያድናል። ፊት 22፣ ኋላ 34 ጥርስ ያለው 26 ኢንች ብስክሌት በአንድ ሙሉ ርግጫ 1.34 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 50 ጊዜ ቢረገጥ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሰው በእግሩ የሚሄደውን ነው። 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአምስት እጅ አንዱ ያነሰ ስለሆነ የሳንባው ድርሻም ይቀንሳል። ከዚያ ፍጥነት በታች ከሆነ ወርዶ መግፋት ጉልበት ይቆጥባል፤ እረኞቹ ቢስቁም ይሳቁ።

ቁልቁለት ላይ ግን ቀልድ የለም። ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑና ከደሴ ከፍታ 600 ሜትር ቢወርዱ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት አንድ ተኩል ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጀበናው የት ተጣደ ቢባል፣ ቀስ ብሎ ለሚወርድ ሰው አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች የሚሸቱት ሽታ ከዚሁ የመጣ ነው። የላስቲክ ፍሬን ቸርኬውን ሲያግለው የአሮጌ ልጥፍ ማስቲሽ ይለሰልሳል፤ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራው ይመለጥና መያዝ ይተዋል። ሙሉ ቁልቁለቱን ፍሬን ነክሶ መውረድ ስህተት ነው። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መስበር፣ መልቀቅ፣ ማስቀዝቀዝ። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ብዙ ሰው ይፈራውና የኋላውን ብቻ ይይዛል፣ ኋላው በኮረት ላይ ይንሸራተታል። ፔዳሎቹ እኩል፣ መቀመጫው ሦስት ጣት ዝቅ፣ ክርን ታጠፍ፣ ዓይን ከጎማው 10 ሜትር ቀድሞ። ድንጋይን ያየ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱን ያየ በክፍተቱ ያልፋል።

ሰውና ከብት። ከኋላ ዝም ብሎ መድረስ በቅሎ ያስደነብራል፣ ጭነት ያስጥላል። ከ20 ሜትር ጀምሮ ድምፅ ማሰማት፦ «ሰላም አለይኩም አባባ፣ በግራዎ ልለፍ»። አህያ ከሆነች በላይኛው በኩል አይታለፍም፤ ስትደነግጥ ወደ ገደሉ ትሸሻለችና እሷን ወደ ተራራው አድርጎ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ እህል የተከመረበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ በአውድማ ቢያልፍም ጎማ አውድማ አይረግጥም። ሰኞ ደግሞ ወደ ባቲ የሚወስዱ መንገዶች የገበያተኛና የግመል ናቸው፤ ሌላ ቀን ይሻላል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ የሚሄድ ሰው፣ ቦታው ቀድሞ ደሴት እንደነበረና አሁን በየብስ እንደተያያዘ መንገዱ ራሱ ይነግረዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። አብረው የሚነዱ ካሉ ማን ውጭ እንደሚቆይ ከደሴ ሳይነሱ ይነጋገሩ። ብስክሌቱ በር ላይ ይቀራል፣ የራስ ቁርም ይወልቃል።

ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን ሁለት ካላማዳሪያ፣ ልጥፍ፣ ፖምፓ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ 3 ሊትር ውሃ ይበቃል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ ይገኛል፣ ስንቅ ማብዛት ትርፉ ሸክም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት። ከሰዓት ንፋሱ ከውሃው ወደ የብስ ስለሚነፍስ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ሰው ፊት ለፊት ይገፋዋል።

ሲመለሱ ሰንሰለቱ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ይደረጋል፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ትርፉ ይጠረጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱበት አሉ፤ ከአቧራው ጋር ሞረድ ይሆናል፣ በአንድ በጋ ጥርሱን ይጨርሳል። ጭቃውን ለማጠብም ብስክሌቱን ሐይቁ ውስጥ አለመንከር፤ ከዚያው ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል። በጀሪካን ቀድቶ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ሣር ላይ።