እንግሊዝኛን ከአማርኛው ግስ ተነስቼ ሳስተምር

ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከሚመጡት ውስጥ ሃይስኩል የገቡ ልጆች አሉ፤ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሆኖባቸው ጭንቅ ይዟቸዋል። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩም አሉ። ሁሉም «ቲቸር፣ ቴንስ ያስተምሩን» ይሉኛል። እኔም ያደግኩት 12ቱን ቴንስ በቃሌ ሸምድጄ ነው። ፈተና አልፌበታለሁ፣ ማውራት ግን አላስቻለኝም።

ስለዚህ ቴንስን አቆየዋለሁ። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው አማርኛ ነው፦ «አልነገርኳቸውም»። በትኑት እላቸዋለሁ። ከፊት «አል» ከኋላ «ም» አሉታ ናቸው። «ነገር» ግሱ ነው። «ኩ» እኔን፣ «አቸው» እነሱን ያመለክታሉ። ከሥሩ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ብዬ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሄደ በቀስት ያገናኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንቆያለን፣ ትርፉም ያለው እዚሁ ነው። አማርኛው «ነገርኩ» ሲል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ። «ቶልድ» ብቻውን ግን ማን እንደነገረ አይናገርም፤ «አይ» የግድ ነው። ደግሞ አማርኛው «ነገርኩ»ን «አልነገርኩም» ሲያደርገው ግሱ ያው ኃላፊ እንደሆነ ይቀጥላል። ተማሪው «ዲድ ኖት ቶልድ» የሚለው ለዚህ ነው፣ ሰንፎ አይደለም። በእንግሊዝኛው ግን ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ወስዶታል፤ ግሱ ሳይለወጥ ይቀመጣል። ቀስቱን ራሳቸው ሲስሉት ያዩታል።

ለቃላት አደራደር ወረቀት እናድላለን። ሦስት ተማሪዎች «ልጁ»፣ «አሳ»፣ «በላ» የሚሉ ወረቀቶችን ይዘው ይቆማሉ። ወደ እንግሊዝኛ ስንዞር «በላ» ተነስቶ መሃል ይገባል። «ትናንት የገዛነው አሳ» ስንል ደግሞ ገላጩ ከአሳው ኋላ ይሄዳል፦ «ዘ ፊሽ ዊ ቦት የስተርዴይ»። አፋቸውን በሲዳምኛ የፈቱትም በራሳቸው ቋንቋ ይሞክሩታል። ሲዳምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ጨዋታው ያው ነው።

የቃል ቅጥያዎች ላይ ፊደላችን ጠቀመኝ። ያለፈ ጊዜ ቅጥያው ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ግን ሦስት። «ዎክት»፣ «ፕሌይድ»፣ «ዋንቲድ» ብለው እንደሚሰማው በግዕዝ ፊደል ይጽፉታል። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ «ካትስ»፣ «ዶግዝ»፣ «በሲዝ»። «ኧር» የሚለው ቅጥያ ግን ያስቃል። ከ«ቲች» «ቲቸር»፣ ከ«ፋርም» «ፋርመር» ካሉ በኋላ፣ አንዱ የሆቴል ሠራተኛ ወጥ ቤቱን «ኩከር» ማለቱ አይቀርም። «ኩከር» ምድጃው ነው፤ ሰውየው «ኩክ» ብቻ።

ሲያወሩ ሁሉንም አላርምም። «ሺ ወርክ» ያለችን ልጅ መሃል ላይ ባስቆማት ዝም ትላለች፤ የጎደለችው «ስ» ደግሞ ማንንም ከመግባባት አታግድም። ጽሑፍ ላይ ግን አልምርም። የቃላቱ ቅደም ተከተል ሲፋለስ ወዲያው አስቆማለሁ፣ ማን ምን እንዳደረገ ስለሚጠፋ።

አርቲክልን በደንብ አድርጎ ማስተማር እስካሁን አልሆነልኝም። «ሌክ ሐዋሳ» ያለ «ዘ» ይባላል፣ «ዘ ብሉ ናይል» ግን ከነ«ዘ» ነው። ለምን ሲሉኝ አጭር ጽሑፍ እሰጣቸዋለሁ። እያነበቡ «ዘ» ባለበት ሁሉ ያሰምሩበታል።