የድረ ገጼ ካርታ በሰው ስም ነበር

ቤት ስሠራ ከአናጺው ጋር የተዋዋልኩት በሦስት ምስክሮች ፊት ነው። ለበሩ ብረት እንኳ ደረሰኝ አለኝ። የእንግዳ ማረፊያዬን ድረ ገጽ ሳሠራ ግን ለአንድ የሰፈር ልጅ ገንዘብ ቆጥሬ «አደራ» አልኩት፣ እሱም «አብሽሩ ጋሼ» አለኝ። ውላችን ይኸው ነበር። ዛሬ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አዲስ ታፔላ ሲሰቀል ከስልክ ቁጥሩ ሥር የድረ ገጽ አድራሻ ባየሁ ቁጥር ባለቤቱን አስቁሜ «በማን ስም ነው የተመዘገበው?» ማለት ይቃጣኛል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ግዢው ሁለት መሆኑን ነው። ሆስቲንግ የሚባለው የኪራይ ሱቅ ነው፤ ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጠው ሌት ተቀን በርቶ በሚውል የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። አከራዩ ካስቸገረ ዕቃን ጠቅልሎ ሌላ ቦታ መግባት ይቻላል። ዶሜን የሚባለው ደግሞ ስሙ ነው፣ ያ ታፔላ ላይ የሚጻፈው። እሱ እንደ ሊዝ መሬት ነው፤ ክፍያው እስካልተቋረጠ ድረስ ይዞታው የእርስዎ ነው፣ ከተቋረጠ ግን ለሌላ ይሰጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኔምሰርቨር የሚባል አንድ ሁለት መስመር አድራሻ ብቻ ነው።

ድረ ገጹ እኔ ቤት እንደሌለ የገባኝ ነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ዳታ በተቋረጠ ጊዜ ነው። እኔ ደሴ ተቀምጬ የራሴን ገጽ ማየት አቅቶኝ ሳለ አዲስ አበባ ያለ እንግዳ የክፍሎቹን ፎቶ አይቶ በስልክ አልጋ ያዘ። ያ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ያለው ጀርመን ነበር። በዚያ ሰሞን ልጁን አመስግኜዋለሁ፤ ምስጋናዬን አልመልስም።

ሌላው ሥራ ቀላል ነበር። ወርድፕሬስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በነጻ ይጫናል። የስልክ ፎቶ ሳይቀነስ ከተሰቀለ ገጹን ስለሚያንቀራፍፍ አራት ሜጋባይት የነበረውን ወደ ሁለት መቶ ኪሎባይት አወረድነው። የደኅንነት ምልክት ሆና አድራሻው ላይ ለምትታየው ቁልፍ ገንዘብ ከተጠየቁ አይክፈሉ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ሰርተፊኬቱን በነጻ ይሰጣል። እኔ ከፍያለሁ።

አሁን ወደ መከራዬ ልምጣ። ኅዳር 8, 2017 ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ ደንበኛ ደውሎ «ገጻችሁን ስከፍት ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ተዘጋችሁ እንዴ?» አለኝ። ከፈትኩት፤ እውነቱን ነው። በዚያው ስም የተከፈተው ኢሜይሌም ሞቷል። ለካ ከአንድ ወር በላይ አንድም መልእክት አልገባም፤ እኔ ሞኙ ገበያው ቀዝቅዞ ነው ብዬ ነበር።

ሆስቲንጉን ወደ ሸጠልኝ ድርጅት ደወልኩ። ሠራተኛው ገጹን ለመክፈት እንኳ ሳይሞክር «ጥቅልዎ አንሷል፣ ወደ ከፍተኛው ይደጉ» አለኝ። ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ የስሙ አገልግሎት ለተቋረጠበት ሰው ሰፊ ሱቅ ተከራይ አለኝ። ከፈልኩ። በሁለተኛው ቀን «ሃያ አራት ሰዓት ይጠብቁ»፣ በአራተኛው ቀን «የአሳሽዎን ታሪክ ያጥፉ»፣ በሰባተኛው ቀን «ከእኛ በኩል ሰርቨሩ ይሠራል» አሉኝ። የመጨረሻው እውነት ነበር። ሰርቨሩ ይሠራ ነበር፣ ሱቁም ክፍት ነበር፤ ወደ ሱቁ የሚያመጣው መንገድ ነበር የተዘጋው። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ አለቀ።

ያወቀልኝ እኔው ዘንድ ያደረ አንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የዶሜን ምዝገባ በሚታይበት፣ ሁይዝ በሚባለው መፈለጊያ ስሙን አስገብቶ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። የዶሜኑ ጊዜ መስከረም 25 አልቋል። ስሙን የሸጠልን መዝጋቢ ድርጅት 30 ቀን ታግሦ፣ ዶሜኑ ሪደምፕሽን ወደሚባለው የ30 ቀን የቅጣት ጊዜ ገብቷል። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለፈለገ ሰው ክፍት ይሆናል። ስምንት ቀን ቀርቶኝ ነበር፣ ዶሜኑ የተገዛበት መለያም (አካውንት) ሆነ ኢሜይሉ የልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ዓረብ አገር ከሄደ ዓመቱ።

እናቱ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። ሦስተኛ ቀኔ ላይ አገኘኋቸው። ቡና አፍልተው ነበር፤ በኢሞ ደወሉለት፣ ቶናው ሲቀዳ ፊቱ ስክሪኑ ላይ መጣ። ምስኪን፣ ደነገጠ እንጂ አልሸሸም። ማስጠንቀቂያው የመጣው መጠቀም ወደ ተወው ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል፤ መልሶ ለማግኘት የሚላከው ቁጥር ደግሞ የሚመጣው በድሮው የኢትዮጵያ ሲም ነው። «እማ፣ ሲሟ የት ናት?» አላቸው። ከሳጥናቸው ውስጥ አንድ የተቋጠረ መሐረብ አወጡ፤ ሲሟ ከአያቱ ቀለበት ጋር አብራ ታስራለች። እኔ ስልክ ውስጥ ከተትናት። ስድስቱ ቁጥሮች እስኪመጡ ድረስ ቡናዬ ስኒው ውስጥ በረደ።

ቅጣቱና እድሳቱ አንድ ላይ 95 ዶላር ሆነ። እዚያው ባለው ካርድ ከፈለልኝ፣ እኔ ለእናቱ በብር ሰጠሁ፤ በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ከ11 ሺህ ብር ያልፍ ነበር። በጊዜው ቢታደስ 15 ዶላር ነበር። ከዚያ በዚያው መዝጋቢ ዘንድ የራሴን መለያ ከፍቼ ስሙን ወደ እኔ አዛወረው። የማረጋገጫ መልእክቱ አይፈለጌ ከሚባለው ሳጥን ውስጥ ወድቆ ለጥቂት አልፎኝ ነበር፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተነካ ዶሜኑ እንደገና ይታገዳል።

ስለዚህ ሻጮች ከሚሉት ጋር አልስማማም። «ሆስቲንግ ሲገዙ ዶሜኑ በነጻ» ሲሏችሁ እምቢ በሉ፤ ለየብቻ፣ ዶሜኑን በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ስልክ። የመለያው ኢሜይል ጂሜይል ይሁን፤ «በድርጅትዎ ስም ያለ ኢሜይል ያምራል» ይላሉ፣ ያምራል፣ ግን ዶሜኑ ሲሞት ማስጠንቀቂያው የሚደርስበት ሳጥንም አብሮ ይሞታል። ሆስቲንግን ከአንድ ዓመት በላይ አትክፈሉ፣ ዶሜንን ግን አቅም በፈቀደ መጠን አርዝሙ፤ ኮም እስከ አሥር ዓመት ይመዘገባል። ሐምሌ 22, 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ማለፉን ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። የገጹንም ቅጂ በየወሩ በፍላሽ አውርዱ።

ልጁን አልወቅስም፤ ካርታውን ሳልጠይቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ያንን ሠራተኛ ግን ገና ይቅር አላልኩትም። የሸጠልኝ ከፍተኛው ጥቅል እስከ ሚያዝያ ተከፍሎበት ነበር፤ ከሃያው ጊጋባይት የምጠቀመው ግማሽ አይሞላም ነበር።