ሰባት ሳምንት ከአንድ ፒስተን ጋር

ቅዳሜ ዕለት ሞተሬ ተነሳ! ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ሞተሩ ጆን ዲር ሞዴል ኢ ነው። የቤንዚን፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት። ከ1923 እስከ 1946 እ.ኤ.አ. አዮዋ ውስጥ ዋተርሉ ከተማ ይሠራ ነበር። መብራት ያልገባላቸው ገበሬዎች ውሃ ይስቡበት፣ በቆሎ ይፈለፍሉበት ነበር። እኔ እዚሁ ሚኒሶታ የእርሻ ዕቃ ጨረታ ላይ ከነመፈልፈያው በ300 ዶላር አገኘሁት። የረከሰበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፒስተኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ብረት፣ ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ማጽዳት፣ የታንኩን ዝገት ማስለቀቅ፣ ባልቦላዎቹን (የአየርና የጭስ መዝጊያዎቹን) መቀመጫቸው ላይ ማፋጨት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ፒስተኑ ነው ጉዱ።

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈትቼ ሞተሩን ከጓደኛዬ ጋር በቁሙ አቆምነው። ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ካልቆመ ዘይቱ ፒስተኑ ላይ አይተኛም። ግማሽ አሴቶን፣ ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የመኪና ማርሽ) ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁበት። አሴቶን ቶሎ ይተናል፤ በየሁለት ቀኑ እጨምር ነበር። አንድ ወር አለፈ። ንቅንቅ የለም።

በአምስተኛው ሳምንት ትዕግስቴ አለቀ። ብረት ደግፌ በመዶሻ መታሁት። የፒስተኑ ጠርዝ ተሸረፈ። ይህን ሁሉ ዘመን ደህና ኖሮ በእኔ እጅ ተጎዳ። አሁንም ሳየው ያመኛል። ስለዚህ «ጠንከር አድርገህ ምታው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ይቅርታ አያውቅም።

ያዳነኝ ሙቅ ውሃ ነው። አሴቶኑን ጠርጌ አወጣሁና ሞተሩን መልሼ አጋደምኩት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ጋን ሲሊንደሩን ከብቦ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ለብ ያለ፣ ከዚያ የሞቀ፣ መጨረሻ ላይ የፈላ ውሃ ሞላሁበት። በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ከደፋችሁበት ቀዝቃዛው ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲሊንደሩ ቀድሞ ይሞቅና ይሰፋል፤ ፒስተኑ ገና ቀዝቃዛ ነው። መሞከር ያኔ ነው። ቤላውን (ፒስተኑን የሚያያይዘውን ዘንግ) ግን አስቀድማችሁ ከኮሎው (ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) ፍቱት፤ ያለዚያ ጉልበታችሁ ኮሎው ላይ ያልቃል፣ ቤላውም ሊጣመም ይችላል።

በልኩ ክብ አድርጌ የቆረጥኩትን እንጨት ፒስተኑ ላይ አስደግፌ ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግሁት። ውሃውን እየቀያየርኩ፣ ቀን እየዘለልኩ፣ ሁለት ሳምንት። አንድ ማታ ባትሪ አብርቼ ሳይ፣ ዝገቱና ፒስተኑ በሚገናኙበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠነች የምታበራ መስመር ታየችኝ። ፒስተኑ ሸፍኖት የኖረ ንጹሕ ብረት! ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የተሸረፈውን ጠርዝ ሞርጄ ያንኑ ፒስተን መለስኩት፤ ፋሻዎቹን (ፒስተኑን የሚከብቡትን ቀለበቶች) ግን ቀየርኩ። ቀለም አልቀባሁትም፣ አልቀባውምም። አረንጓዴው የለቀቀው የገበሬው እጅ በሚያርፍበት በኩል ነው። ያንን እንዴት እሸፍነዋለሁ?

ጭነት ከሌለው አንዴ ጧ ይልና ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ ከልኩ ሲያልፍ ገቨርነሩ (ፍጥነት መቆጣጠሪያው) የጭሱን ባልቦላ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ ቤንዚን አይስብም። ሲቀንስ ይለቀዋል፤ ጧ! መፈልፈያውን በቺንጋ (በቀበቶ) ሳገናኘው ግን ያለማቋረጥ ጧ ጧ ጧ ነው። እናቴ በስልክ ሰማችውና «ወፍጮ ቤት ነህ እንዴ?» አለችኝ።

እንደ እኔ ብርድ አገር ያላችሁ፣ ከውርጭ በፊት ውሃውን አፍስሱት። በረዶ ሆኖ ጋኑን ይሰነጥቀዋል።

የቀረኝ ማግኔቶው፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያመነጨው ክፍል ነው። ሲነሳ ብልጭታው ጥሩ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ ይደክማል። ቦቢናውን (የሽቦ ጥቅሉን) ነው የጠረጠርኩት። ይህ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።