የአባባ ካርቦን

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ሄጄ የሸሪፍን ሙዚየም አየሁ። ድሬ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ሐረር ደግሞ ደንገጎን ወጥተህ ሐረማያና አወዳይን ካለፍክ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ስንቴ ተመላልሼ ለሰርግና ለለቅሶ ነበር እንጂ አንድም ቀን እዛ ቤት ገብቼ አላውቅም።

ፈረስ መጋላ ወርጄ በመኪና ግርግር ገባሁ። ለማታውቁት፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ነው፣ ስሙም የመጣው ከመኪናው ድምፅ ነው። እኔን ግን ድምፁ አባባን አስታወሰኝና ትንሽ ቆምኩ።

አባባ የእናቴ አባት ነው፣ ድሬ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ዛፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት በርጩማ፣ አንዱ ለሱ አንዱ ለባለጉዳይ። ሰው መጥቶ ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ነገሩን ከአያት ቅድመ አያቱ ይጀምራል፣ ኦሮምኛ ሶማልኛ አማርኛ ቀላቅሎ ያወራል፣ አባባ ዝም ብሎ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ገጽ ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ ሁሌም ያቺ መስመር አለች፣ አቤቱታው በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የምትለዋ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፣ መስመሯን ግን ፊደል ሳልጨርስ በቃሌ እላት ነበር። ካርቦን እያስገባ ነው የሚመታው፣ አንድ ለፍርድ ቤት፣ አንድ ለተከሳሽ፣ አንድ ለባለጉዳዩ፣ የመጨረሻዋን ፈዛዛዋን ለራሱ ያስቀራል። ማታ ቤት ያመጣትና በዓመት በዓመቱ በሲባጎ አስሮ ሳጥን ውስጥ ይከታታል።

ከሞተ በኋላ፣ አርባው እንዳለፈ ቤት ሲጸዳ ወረቀቱ በሙሉ ለሰፈር ሱቅ በኪሎ ተሸጠ። በርበሬና ስኳር ተጠቀለለበት። ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ሙዚየሙ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው የድሮ ፎቅ ውስጥ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ መጀመሪያ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ገንዘብ የሰበሰቡት ነው ይሄ ሁሉ። ጎራዴው፣ ጌጣጌጡ፣ አሚሮቹ እዛው ሐረር ያስመቱት ሳንቲም፣ የድሮ ዘፈኖች ቅጂ፣ ሁሉም ያምራል፣ ሰውም ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። እኔ ግን የእጅ ጽሑፎቹ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ቆዳው ላይ በማኅተም ተጭኖ የተሠራ ጌጥ አለ፣ በጣትህ ብትዳስሰው የምትለየው ዓይነት፣ ጠርዙን ምስጥ በልቶት እንደገና በስስ ወረቀት ተጠግኗል። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ማን እንደገዛው፣ ማን ለየትኛው መስጊድ ወቅፍ፣ ማለትም ቋሚ ስጦታ፣ እንዳደረገው ተጽፎበታል። ኖሮ የሞተ፣ ማንም የማያውቀው ሰው፣ ስሙ እዛ ጥግ ላይ አለ።

ሐረርን 1868 ግብፆች ያዟት፣ 1877 ወጡ፣ 1879 ምኒልክ ገቡ። ይሄን ት/ቤት ተምረነዋል። ቤት ማን ለማን እንደሸጠ፣ ውርስ እንዴት እንደተካፈለ፣ የትኛዋ ሴት ባሏን እንደከሰሰች የሚነግርህ ግን የቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛው፣ መዝገብ ነው፣ የታሪክ ሰዎች የድሮውን ሐረር ኑሮ የሚያጠኑት ከሱ ነው። ታዲያ የአባባ ሳጥን ከዚህ በምን ያንሳል? የሰባዎቹ ድሬ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴው፣ የቤት ኪራይ ጭቅጭቁ፣ ሁሉም እዛ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ 1998 የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ስንት ሰው ስንት ቤት ይዞ ሄደ፣ ከዛ የተረፈውን ወረቀት ደግሞ እኛ ራሳችን እንጥለዋለን፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ወመዘክር፣ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ አዲስ አበባ ከ1936 ጀምሮ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የድሬ ወረቀት ድሬ ቢቀመጥ ነው የምመኘው። አንድ ያረጀ የፍርድ ቤት ሕንፃ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ መደርደሪያ፣ አንድ የሚያነብ ሰው፣ በሩ ላይ ደግሞ የራፖር ጸሐፊ ጠረጴዛ።

አስጎብኚውን የተቀደደ ወረቀት እንዴት ይቀመጣል ብዬ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ስኮች አትለጥፍበት፣ ላሚኔትም አታስደርገው፣ ፀሐይና እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጠው በቃ» አለኝ። የጠየቅኩት አክስቴ ጋ አንድ ስለተገኘች ነው። የልጇ የድሮ የሂሳብ ደብተር የተሸፈነው በአባባ ካርቦን ነበር። ፊደሉ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ «ሰ» ሁሌ ከመስመሩ ዝቅ ትላለች፣ ያ መኪና እንደዛ ነበር። አንዲት ሴት ጎረቤቷን የከሰሰችበት ነው፣ ያሸንዳው ውሃ በግቢዬ እየወረደ የጭቃ ቤቴን ግድግዳ አፈረሰብኝ ትላለች፣ ከታች 92 አለች፣ ከሷ ሥር ደግሞ የጣት አሻራ።

ትናንት ማታ አክስቴ ደወለች። «አንተ፣ የሻይ ቆርቆሮው ውስጥ የታጠፈ የሆነ ወረቀት አለ፣ አልነካሁትም» አለችኝ። ነገ ከሥራ እንደወጣሁ እሄዳለሁ።