አንድ ጠርሙስ፣ አምስት ሰው፦ ከኅዳር እስከ ገና የያዝኩት የሽቶ ማስታወሻ

ሰላም የሽቶ ወዳጆች። የዚህን አንድ ሽቶ ነገር ሳልረዳ ሌላ አልገዛም ብዬ ነበር። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ደብተሬ ላይ የሞላሁትን ላካፍላችሁ።

ሽቶው "ባይ ዘ ፋየርፕሌስ" ይባላል። ሜዞን ማርጂየላ የሚባል የፋሽን ቤት ሽቶ ነው። ማሪ ሳላማኝ የምትባል ቀማሚ የሠራችው፣ በ2015 የወጣ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት "ሻሞኒ፣ 1971" ይላል። ሻሞኒ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ያለች የበረዶ አገር ናት። ውጭ በረዶ፣ ቤት ውስጥ የሚነድ ምድጃ፣ ፍሙ ላይ የሚጠበስ ቼስትነት (ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ) ማለት ነው። ውስጡ ቅርንፉድ አለ፣ የእንጨት ጭስ አለ፣ ቫኒላ አለ። በፈረንጅ ገና ሰሞን እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ሽቶ ነው። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ስለሆነ በረዶው በደጄ ነው፤ ምድጃው ብቻ የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በታናሽ እህቴ ነው። በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የኅዳር የምስጋና በዓል ዕለት ቤቴ መጣችና ከጠርሙሱ ሁለት ጊዜ ተረጨች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሳቅፋት ደነገጥኩ። አንገቷ ሥር የሸተተኝ ትኩስ ኬክና የነደደ ስኳር ነው። እኔ ላይ ግን ያው ሽቶ ሁልጊዜ የጠፋ እሳት ነው፣ ውሃ የተደፋበት ፍም። "የቀባሽው ይሄንኑ ነው?" አልኳት። ጠርሙሱን አንስታ አሳየችኝ።

"ሽቶ በሰው በሰው ይለያያል" ሁላችንም የምንለው ነገር ነው። እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ግን የሚለየው ቆዳው ነው ወይስ የሚያሸተው አፍንጫ? ይሄንን ነው ለይቼ ማወቅ የፈለግሁት።

አሠራሬ ቀላል ነበር። ሽታ በሌለው ሳሙና መታጠብ። ክንድ መታጠፊያ ላይ አንድ ጊዜ መርጨት፣ አለማሸት። ከዚያ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓት፣ በ3 ሰዓትና በ6 ሰዓት አሽትቶ መጻፍ። ሁለት ሰው ያሸታል፤ የተቀባውና ሌላ አንድ ሰው። ይሄ ሁለተኛ አፍንጫ በኋላ ብዙ ነገር አዳነኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር እኔን ያሳዝናል። በ10 ደቂቃ፦ ቅርንፉድና ጭስ። በ1 ሰዓት፦ ጭስ ብቻ። በ3 ሰዓት፦ ምንም። እህቴ ላይ ደግሞ በ1 ሰዓት ጭሱ ይሳሳል፣ በ3 ሰዓት ቫኒላው ሙሉ ነው፣ በ6 ሰዓት እንኳ ቀስ ብሎ ይመጣል። እሷ ወዛም ቆዳ ነው ያላት። እኔ ደረቅ ነኝ። ያውም ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲሠራ ቆዳዬ ነጭ እስኪሆን ይደርቃል። በጣቴ ብጭረው መስመር ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው። እንጨት ሲጨስ ከሚወጡት ጠረኖች አንዱ ጉዋያኮል ይባላል። የተቆላ ቡና ውስጥም ያው አለ። የቫኒላ ጠረን ደግሞ ቫኒሊን ነው። ሁለቱ በአሠራራቸው የቅርብ ዘመድ ናቸው። በፋብሪካ ከሚመረተው ቫኒሊን አብዛኛው ዛሬም የሚነሳው ከጉዋያኮል ነው። ጭሱና ጣፋጩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ልዩነታቸው ክብደታቸው ላይ ነው። ጉዋያኮል በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ቫኒሊን በ285። ስለዚህ ቀለል ያለው ጭስ ቀድሞ ይነሳል፣ ቫኒላው ወደኋላ ይቀራል። ወዛም ቆዳ ሽቶውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ደረቅ ቆዳ የሚይዝበት የለውም። ሽቶው እኔ ላይ ጭሱን ጨርሶ ወደ ቫኒላው ሳይደርስ የሚያልቅ ይመስለኝ ጀመር።

ይመስለኛል ብሎ መቅረት ስለማይሆን ሞከርኩት። ግራ ክንዴን ምንም አላስነካሁትም። ቀኝ ክንዴ ላይ ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ እስኪጠፋ ድረስ አሸሁ። አምስት ደቂቃ ጠብቄ ሁለቱም ላይ አንድ አንድ ረጨሁ። ልዩነቱን ለማመን ሦስት ቀን ደጋግሜዋለሁ። ግራው ያው ነው። ቀኙ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቅርንፉዱ እንደወትሮው አፍንጫ አይወጋም። በ1 ሰዓት ከጭሱ ሥር አንድ ለስላሳ ነገር መጣ። በ3 ሰዓት ክንዴን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ የእህቴ አንገት ሸተተኝ። ያ ኬክ። እኔው ቆዳ ላይ!

ሽቶን የሚለውጠው የቆዳ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መጠን ነው ሲባል ብዙ እሰማለሁ። የጤነኛ ሰው ቆዳ በአብዛኛው 5 አካባቢ፣ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ ነው። በእኔና በእህቴ መካከል ያየሁትን ልዩነት ግን ያቺ ትንሽ ቫዝሊን ናት አብዛኛውን ያጠበበችው። ሽቶ አይቆይብኝም የምትሉ፣ ውድ ጠርሙስ ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ስሕተቴን አገኘሁ። "በ3 ሰዓት ምንም" ብዬ የጻፍኩበት ቀን፣ ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ሹራቤን ሲያሸት "ጥሩ ትሸቻለሽ፣ ቫኒላ ነው?" አለኝ። እኔ ግን ምንም አይሸተኝም። አፍንጫ አጠገቡ የዋለን ጠረን ይለምደዋል፣ ከዚያ ይተወዋል። በርበሬ ስትቆላ የዋለች ሴት እሷ ሳታስነጥስ በር የከፈተው ሰው እንደሚያስነጥሰው ዓይነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጠፋ" የሚለውን ቃል የምጽፈው ሁለተኛው ሰው ሲያረጋግጥልኝ ብቻ ነው። የቀድሞ ማስታወሻዎቼን ግማሽ ሰርዣለሁ።

ባለቤቴ ላይ ያየሁት የብርዱን ነገር ነው። ጠዋት አንገቱ ላይ አንድ ረጨሁለት፣ ስካርፉን ጠመጠመና ወጣ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ነበር። መኪናው ላይ የተጋገረውን በረዶ እስኪፍቅ አብሬው ቆሜ ነበር፤ አንድም ጠረን የለም። ብርድ ላይ ሽቶ እምብዛም አይተንም፣ ተኝቶ ይቆያል። ማታ ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ስካርፉን ሲፈታ ግን ክፍሉን ሞላው። ጢሙ ውስጥ ጭሱ፣ ስካርፉ ላይ ቫኒላው፣ ለየብቻ። ይሄ ሽቶ ለብርድ ነው ሲባል ብርድ ላይ ይሸታል ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው። ከብርድ ሲገባ ነው የሚሸተው።

አንድ የሚቆጨኝን ነገርም ልንገራችሁ። ሥራ ቦታ አራት ጊዜ ተረጭቼ ሄድኩ። ደረቅ ቆዳዬን ላሸንፍ ብዬ። አጠገቤ የምትሠራ ሴት እስከ ምሳ ሰዓት ራሷን አመማት። በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ለእኔ አልሸት ያለኝ ሽቶ እሷን ሲያፍናት ውሏል። አሁን ሥራ ቦታ ጭራሽ አልቀባም።

መጠን ሲነሳ የእኛው ዝባድ ትዝ አለኝ። ከጥርኝ የሚወጣው፣ ኢትዮጵያ ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ስትልከው የኖረችው። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል። በአልኮል በጣም ሲቀጥን ግን ሞቅ ያለ፣ የሚስብ ነገር ይሆናል። ዋናውን ጠረን፣ ሲቬቶንን፣ አሠራሩን በ1926 የገለጠው ሊዮፖልድ ሩዢችካ ነው፤ በ1939 በኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ። አራት ርጭትና አንድ ርጭት የመጠን ልዩነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለት የተለያየ ሽቶ ነው ብዬ ነው የምይዘው።

ከዚያ ወደ አፍንጫው ዞርኩ። ቆዳን ከጨዋታው ለማውጣት ወረቀት ላይ ረጨሁ። ወረቀት ለሁሉም አንድ ነው። ስም ሳልናገር አዞርኩት። እህቴ "ማርሽሜሎ" አለች፣ ያ እንደ ጥጥ የሚለሰልሰው የስኳር ጣፋጭ፤ እዚህ ነው ያደገችው፣ የትምህርት ቤት ካምፕ ላይ እሳት ዙሪያ ሲጠብሱ ኖረዋል። ባሏ አፍንጫውን ከወረቀቱ አራቀና "የጥርስ ሐኪም ቤት" አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ሳስበው ልክ ነው። የቅርንፉድ ዋናው ጠረን ዩጂኖል ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች ለጊዜያዊ መሙያ የሚጠቀሙበት ያው ዩጂኖል ነው። እሱ በልጅነቱ ጥርሱን ብዙ ታክሟል። ያንን ሽታ ከዚያ ወንበር ማላቀቅ አልቻለም። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቴም ወንበሩ ነው የመጣበት።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከትዝታም በፊት ነው፣ አብሮን የተወለደ። አንድሮስቴኖን የሚባል ጠረን አለ፤ በዚህ ሽቶ ውስጥ አይደለም፣ ለምሳሌ ያህል ነው። አንዱ ሰው ሽንት ይለዋል፣ ሌላው ጣፋጭ፣ ሌላው ጭራሽ አይሸተውም። በ2007 የወጣ ጥናት ይህን ልዩነት ኦአር7ዲ4 ከሚባል አንድ የሽታ ተቀባይ ዘረመል ጋር አያይዞታል። ሽቶ ውስጥ የሚገቡት ሚስክ የሚባሉ ጠረኖችም ላይ እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱን ሚስክ ጨርሶ የማያሸት ሰው አለ። ስለዚህ "ይሄ ሽቶ ምንም የለውም" የሚል ሰው ስታገኙ አትከራከሩት። እሱ ጋ በእውነት ላይኖር ይችላል።

በመጨረሻ እማዬ።

ወረቀቱን ስሰጣት ገና ጾም ላይ ነበርን። አሸተተችና ወዲያው መለሰችልኝ። "ጭስ ነው። ለጭስ ገንዘብ ትከፍያለሽ?" እማዬ ጎጃም ገጠር ነው ያደገችው። እርጥብ እንጨት እየማገደች፣ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች እንጀራ ጋግራለች። ለፈረንጁ የበዓል ዕረፍት የሆነው ጭስ ለእሷ የሥራ ቀን ነው። ክንድሽ ላይ ልርጭልሽ ስላት "በጾም ሽቶ ምን ይሠራልኛል፣ ሲፈታ አምጪው" አለችኝ። ደብተሩ ላይ የእሷን ቦታ ባዶ ተውኩት።

የገና ዕለት፣ ጥር 7 በፈረንጅ፣ ሌሊቱን አስቀድሰን ገባን። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ተፈላ። ራሷ "የታለ ያ ጭስሽ?" አለች። አንድ እጇ ላይ፣ አንድ ነጠላዋ ጥለት ላይ ረጨሁ። እማዬ ማታ ማታ እጇን ቫዝሊን ሳትቀባ ተኝታ አታውቅም፤ ቆዳዋ በሰባ ዓመቷም ለስላሳ ነው። ነጠላው ደግሞ ከቅዳሴው እጣን ይዞ መጥቷል።

በ10 ደቂቃ "ሻይ" አለች። ቅርንፉዱ ነው፣ የእሷ ሻይ ያለ ቅርንፉድ አይፈላም። በ1 ሰዓት እጇን አሽትታ ዝም አለች። እኔም አሸተትኩ። ያ የጠፋ እሳት የለም፤ ጭሱ ክብ ሆኗል፣ ምንም አይቆረቁርም። በ3 ሰዓት "ይሄ የልጆች ብስኩት ነው" አለች። ቫኒላ የሚለውን ቃል አትጠቀምም፣ ግን በትክክል አገኘችው።

ማታ ነጠላዋን ስታጣጥፍ ጥለቱን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቆመች። እጣኑ፣ ጭሱና ጣፋጩ አንድ ላይ ነበሩ። ከዚያ ጠራችኝ። "ነይ፣ ምን እንደሆነ አሁን አወቅሁት። ጭስ አይደለም። እናቴ ለጠላ ጋን በወይራ ስታጥን፣ ጋኑን ቀና አድርጋ እፍ ስትለው የሚወጣው ነው።" ትንሽ ቆየችና "ጻፊው፣ እንዳትረሺው" አለችኝ።

በእማዬ መስመር፣ በ6 ሰዓት ሥር፦ በወይራ የታጠነ ጋን።